በሕመም ሰሞን የተጻፈ መልቀቂያ

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ባይፖላር እንዳለብኝ ከታወቀ ቆይቷል፤ ሊትየም እየወሰድኩ ደህና ነበርኩ። ባለፈው ወር የሌሊት ተረኛ ስደረግ እንቅልፍ አጣሁና ሕመሙ ተነሣብኝ። በዚያው ሰሞን መልቀቂያ ጽፌ ሰጠሁ፤ ቤተሰቦቼም እንጦጦ ጠበል ወሰዱኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ «ራስህ ለቀሃል፤ ባትለቅም በመቅረትህ ትሰናበት ነበር» ተባልኩ። መብት አለኝ?

መልስ፦ አለዎት፤ ግን አይዘግዩ። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሽማግሌ ልከው ከሆነ ሽምግልናው ይቀጥል፤ ይርጋው ግን ሽማግሌ አይጠብቅም። ለሥራ ክርክር ሠራተኛው የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም።

ከባዱ ነገር መልቀቂያው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 347 እንደሚለው፣ ሕመሙ ለሁሉም ግልጽ ያልነበረ ሰው (ለምሳሌ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተኝቶ ያልነበረ) የፈጸመውን ተግባር ለማፍረስ፣ በፈጸመበት ጊዜ ጉድለት የሌለበት ፈቃድ ለመስጠት በማይችልበት ሁኔታ ላይ እንደነበረ ማስረዳት አለበት። ስለዚህ «ባይፖላር አለብኝ» ብቻውን አይበቃም። ዳኛው የሚጠይቅዎት በዚያች ቀን እንዴት እንደነበሩ ነው። የክትትል ካርድዎ፣ በዚያ ሳምንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ለባልደረቦች የላኳቸው መልእክቶች፣ ያዩዎት ሰዎች ምስክርነት፣ ሐኪምዎ አሁን የሚጽፉት አስተያየት፣ ሁሉም ይሰብሰብ። የደብዳቤውንም ቅጂ ይጠይቁ። ለምሳሌ ሠራተኛው ከነገ ጀምሮ የራሱን ኩባንያ ሊከፍት መሆኑን በአራት ገጽ የሚያበስር መልቀቂያ በራሱ ምስክር ነው። መልቀቂያውን ማንሣትዎንም ዛሬውኑ በጽሑፍ አስገብተው ቀሪው ላይ ያስፈርሙ።

«በመቅረትህ ትሰናበት ነበር» የሚለው ክርክር ይልቅ ደካማ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት ያለማስጠንቀቂያ የሚሰናበተው፣ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን የቀረ ሠራተኛ ነው፤ ያውም መቅረቱ በአዋጁ ከተፈቀዱት ፈቃዶች በአንዱ የማይሸፈን ሲሆን። የተጻፈልዎት ማስጠንቀቂያ አለ? የሕመም ፈቃድ ደግሞ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሁሉ መብት ነው። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ።

ጠበሉ ላይ ግን ልንነጋገር ይገባል። እምነትዎን ማንም አይነካም፤ አዋጁ ግን የሚቀበለው መንግሥት ከሚያውቀው የጤና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ነው። ከጠበሉ በፊት ወይም መካከል አንድ ቀን ክትትል ወደሚያደርጉበት ሆስፒታል ጎራ ብለው ከሆነ ያ ወረቀት ትልቅ ዋጋ አለው። ለወደፊቱም ቤተሰብዎ ይወቁት፦ ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ ወይም አሠሪው አስቀድሞ ካላወቀ በቀር፣ በቀሩ ማግስት ለመሥሪያ ቤቱ መነገር አለበት። ወንድም ወይም እህት ቢያሳውቅ ይበቃል ባይ ነኝ። ማስረጃው የሕመሙን ስም እንዲዘረዝር አንቀጽ 85 አይጠይቅም።

«ይህ ሕመም አይድንም፤ ለሥራ አትሆንም» ቢሉዎትስ? አንቀጽ 28 በጤና ምክንያት በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚፈቅደው ሠራተኛው ግዴታውን ለዘለቄታው መወጣት ሲሳነው ነው። እየተነሣ የሚተኛ፣ በመድኃኒት የሚያዝ ሕመም ስድስት ዓመት ካሠራ ይህን መስፈርት ያሟላል ለማለት ይቸግራል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ ሊመልስዎት ይችላል፤ ካልመለሰዎት የአማካይ የቀን ደመወዝዎ 180 እጥፍ ካሳ፣ ከሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ጋር ይታሰብልዎታል።

ሲመለሱ የሌሊት ተራውን ጉዳይ ያንሡ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አእምሯዊ ጉዳትንም ያካትታል፤ አሠሪው እንዲያመቻች ከሚጠበቅበት አንዱም የሥራ ሰዓት ነው። ብዙዎች «አካል ጉዳተኛ» መባሉን አይወዱትም፤ ይገባኛል። ነገር ግን ይህን አዋጅ ጠቅሶ አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ የከሰሰ ሰው የማስረዳት ሸክሙ ወደ አሠሪው ይዞርለታል፤ ይህ በፍርድ ቤት ትንሽ ነገር አይደለም። ጥያቄው በሐኪም ደብዳቤ ተደግፎ ለሰው ሀብት ኃላፊው ብቻ ይድረስ፤ የቢሮው ሰው ሁሉ ማወቅ የለበትም።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባቢዎች የፈቃዱም የደመወዙም ስሌት በሌላ አዋጅ ስለሚመራ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ለራሳችሁ አትውሰዱ።