«ሰባት መጽሐፍ አንብቤ አንድ ስንኝ አልወጣኝም»

እትዬ፣ 31 ዓመቴ ነው፤ ባንክ እሠራለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ግጥም እጽፍ ነበር። አሁን ታክሲ ተሰልፌ ቤት ስደርስ የሚተርፈኝ ራስ ምታት ብቻ ነው። ከአዟሪ ሰባት የማነቃቂያ መጽሐፍ ገዛሁ፤ ባነበብኩ ቁጥር ጥፋቱ የእኔ ስንፍና እየመሰለኝ መጣ። እርስዎ የሚወዱት መጽሐፍ ካለ ይንገሩኝ።
ደብተሯ የነጣባት፣ ከጀሞ

ልጄ፣ ሰባቱን ለጊዜው አልጋ ሥር ክተቻቸው። ደከመሽ እንጂ አልሰነፍሽም።

እኔ ደጋግሜ ከማነባቸው አንዱ ባለቅኔው ሪልኬ ለአንድ ወጣት ገጣሚ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ናቸው። በፈረንጆች ከ1903 እስከ 1908 የተጻፉ አሥር ደብዳቤዎች፣ በሁለት ማታ የሚያልቁ። ወጣቱ የወታደር ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር፤ ግጥሞቼን መዝንልኝ ብሎ ላከለት። ሪልኬ አልመዘነለትም። ይልቅ መጻፍ የግድህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው፤ አትቸኩል አለው። ልጁ ግን ያኔ ሥራውን ጥሎ አልሄደም፤ ለዓመታት መኮንን ሆኖ ኖረ። አንድ ቦታ ላይ ከሪልኬ ጋር አልስማማም፦ ኑሮህ ባዶ ከመሰለህ ጥፋቱ የራስህ ነው ይላል። ሰውዬው ጀሞ ታክሲ አልተሰለፈም። ያንን ገጽ ዝለዪው።

ሁለተኛው ቶሮ ጫካ ውስጥ ጎጆ ሠርቶ ስለኖረበት ጊዜ የጻፈው «ዋልደን» ነው። እንግሊዝኛው ይጎረብጣልና ሙሉውን አትጀምሪው። ቀይና ጥቁር ጉንዳኖች ሲዋጉ ያየበትን ክፍል ፈልጊ፤ የተናነቁትን ከነስንጥሩ ቤቱ ወስዶ፣ ብርጭቆ ደፍቶባቸው በአጉሊ መነጽር ይመለከታቸዋል። ተፈጥሮን ማየት ማለት ለእኔ ይሄ ነው። ሰውዬውን እንደ ባሕታዊ ሲያወሩለት ግን ይገርመኛል። በ1845 ጎጆውን የሠራው ከከተማው በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ርቀት ላይ ነበር፤ እናቱ ቤት እየሄደም ይበላ ነበር። ሥራ ለቅቀሽ ጫካ ግቢ የሚልሽ ካለ ይህን ንገሪው።

በራሳችን ቋንቋ ካማረሽ፣ በ1972 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ደራሲው» አለልሽ።

ራስ ምታቱ የመጽሐፍ ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚያፈጥ ዓይን መነጽር ሊያሻው ይችላል።

በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ከታክሲ ሰልፉ ያየሽውን አንድ ነገር ጻፊልኝ። ግጥም ባይሆንም ግድ የለኝም።