የተበየደ አልሙኒየም ስንት መንገድ ይሄዳል?

ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና ባሉት የኮልፌ ጋራዦች የተሰነጠቀ የአልሙኒየም ዕቃ ብርቅ አይደለም፤ የሞተር መያዣ፣ የካምቢዮ ቤት፣ ቸርኬ። ባለመኪናው «በይዱልኝና ልሂድ» ይላል። በያጁም ይበይድና በመዶሻ መታ መታ አድርጎ «ችሏል» ይለዋል። አንድ ጊዜ ተመትቶ የቻለ ዕቃ ግን በጅማ መንገድ ጭነት ይዞ ወራት ሲንገጫገጭ ይችላል ማለት አይደለም።

ብረታ ብረት አንዴ ቢጫንበት በቀላሉ የሚሸከመው ጭነት እንኳ ሲደጋገምበት ይደክማል። ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር አክስል እየፈተነ ያሳየው ይህንን ነው። ተራው ብረት ጭነቱ ከተወሰነ ልክ ካላለፈ እጅግ ረጅም ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። አልሙኒየም እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ልክ የለውም፤ ቀላል ንዝረትም ሲበዛበት ይሰነጥቀዋል።

ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከአረፋ ነው። የቀለጠ አልሙኒየም ከእርጥበት ሃይድሮጅን ይጠጣል። ሲረጋ መያዝ ስለማይችል ይተፋዋል፤ መውጫ ያጣው ጋዝ ውስጡ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ውጥረቱ ከሌላው ቦታ ይልቃል፤ ሰፊ ላሜራ ላይ ባለ ክብ ቀዳዳ ጠርዝ ሦስት እጥፍ ይደርሳል።

ሆን ተብሎ በአረፋ የሚሞላ አልሙኒየምም አለ። ጃፓን ውስጥ የተሠራውን «አልፖራስ» ሲያዘጋጁ በቀለጠው አልሙኒየም ላይ ካልሲየም ጨምረው ያወፍሩታል፣ ከዚያ የሚጨመረው ታይታኒየም ሃይድራይድ ጋዝ ይለቅበታል፤ ክብደቱ ከድፍኑ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ግጭት ሲመጣ ተጨፍልቆ ጉልበቱን በመዋጥ ጎበዝ ነው። ደጋግሞ ሲጨመቅ ግን እያጠረ ይሄዳል፤ ደጋግሞ ሲጎተት ደካማው ግድግዳ ይቀደድና ስንጥቁ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ነዳፊዎቹ አረፋው እንዳለ አውቀው ያሰሉታል። በእናንተ በበያጆቹ ጠረጴዛ ላይ የመጣው ቁራጭ ውስጥ ግን አረፋው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ከመበየዳችሁ በፊት ስንጥቁ የት እንዳበቃ እወቁ። ነጭ ጋዝ ቀቡት፣ ጥቂት ቆዩና በጨርቅ አድርቁት፣ የተፈጨ ጠመኔ ነስንሱበት። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ጋዝ ጠመኔውን ሲያርሰው መስመሩ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ዓይን ካየው ይረዝማል። ጋዙን ሙሉ በሙሉ ሳታጸዱ እሳት እንዳታስጠጉ። ከዚያ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። ቀዳዳ ስንከስ ቆይተን ቀዳዳ ብሱ ማለት ያስቃል፣ ግን የሰላውን ጫፍ ስለሚያዶለዱመው ስንጥቁ እንዳይገፋ ያግዛል።

ቅባትና እርጥበት አዲስ አረፋ ይወልዳሉ። ዕቃውን አሙቃችሁ አድርቁት፤ የብየዳ ሽቦውን ደረቅ ቦታ አኑሩ፤ ለአልሙኒየም ብቻ የሚያገለግል የስቴንለስ ብሩሽ ይኑራችሁ፣ ብረት የነካው አይሆንም። የብየዳው ጉብታ ከዕቃው የሚገናኝበትን ጥግ በግራይንደር አለስልሱ፤ ስንጥቅ ከአረፋ ሌላ ከዚያም ይነሳል።

ቸርኬ ከመጣ መልሱ። በሙቀት የጠነከረ አልሙኒየም ብየዳው አጠገብ ይለሰልሳል፣ ቢሰበርም ሰው ይዞ ነው። ደንበኛው ቢቆጣም ይቆጣ።

የሞተር መያዣ ከሆነ ባለመኪናው ዘይት ሊቀይር ሲመጣ የጠመኔውን ምርመራ ድገሙለት፣ ለዚያ ገንዘብ አትቀበሉ።