ያልተቆጠረ ሕፃን በጀት የለውም
አካቶ የሕፃናት እንክብካቤና የመንግሥት ድጋፍ

በየቁምስናችን ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ሕፃናት በማለዳ ተነሥተው ወደ አጸደ ሕፃናት ወይም ወደ «ኦ» ክፍል ሲሄዱ እናያለን። የማናያቸውም አሉ። ማየት ወይም መስማት የተሳናቸው፣ እግራቸው ያልጸናላቸው፣ አእምሯቸው ዘግይቶ የሚያድግ ሕፃናት ብዙውን ጊዜ ከቤት አይወጡም። በዚህ ጥናት እነዚህ ሕፃናት ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲያድጉ መንግሥት ምን ግዴታ እንደገባ፣ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርስና ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

1. «አካቶ» ስንል

አካቶ ማለት ሕፃኑ ለትምህርት ቤቱ እስኪመች መጠበቅ ሳይሆን፣ ትምህርት ቤቱ ሕፃኑን እንዲቀበል ማዘጋጀት ነው። መስማት የተሳነውን ሕፃን የምልክት ቋንቋ በማያውቅ መምህር ፊት ማስቀመጥ ብቻውን አካቶ አይባልም፤ ሕፃኑ በመካከል ተቀምጦም ብቸኛ ነውና። እንክብካቤ ስንልም ፊደል ማስቆጠርን ብቻ ማለታችን አይደለም። ጤና፣ ምግብ፣ ጨዋታና ለወላጅ የሚሰጥ ምክር ሁሉ በውስጡ ይጠቃለላሉ።

ነገሩ የሚያጣድፈውም ዕድሜው ስለማይመለስ ነው። ቋንቋ መሠረቱን የሚጥለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። የመስማት ችግሩ በሁለት ዓመቱ የታወቀለት ሕፃንና በሰባት ዓመቱ የታወቀለት ሕፃን አንደኛ ክፍል ሲገቡ እኩል አይቆሙም።

2. ሕጉና ፖሊሲው

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አሳዳጊ ያጡ ሕፃናትን እንዲረዳ ይደነግጋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ስለ አጸደ ሕፃናት ቢናገርም፣ ሥራው ለብዙ ዓመታት በአመዛኙ በከተማ ለሚገኙ የግል፣ የቤተ ክርስቲያንና የማኅበረሰብ ተቋማት የተተወ ነበር። መክፈል የቻለ አስተማረ፤ ያልቻለ ቀረ።

በ2002 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተደረጉ። አንደኛው፣ የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ነው። ማዕቀፉ የወላጆችን ትምህርት፣ የጤና ክትትልን፣ አጸደ ሕፃናትንና «ከልጅ ለልጅ» የሚባለውን የዝግጅት መርሐ ግብር ያቀፈ ነው። ከዚህ በኋላ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ የ«ኦ» ክፍል ተስፋፋ። ሁለተኛው፣ አገራችን ስለ አካል ጉዳተኞች መብቶች የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል ያዝዛል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛ ደረጃን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎ ሠርቷል።

«አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለውን ሐረግ በጥንቃቄ ልናስተውለው ይገባል። ዓለም አቀፉ ስምምነት መንግሥታት ያላቸውን ሀብት እስከ መጨረሻው አቅማቸው ተጠቅመው ደረጃ በደረጃ እንዲራመዱ ይጠይቃል። ስለዚህ ሐረጉ የእርምጃውን ፍጥነት ይወስን እንደሆነ እንጂ ቆሞ ለመቅረት ፈቃድ አይሰጥም። ለእነዚህ ሕፃናት የሚወጣው ገንዘብም ምጽዋት ሳይሆን ተገቢ ድርሻቸው ነው።

3. ገንዘቡ እንዴት ይደርሳል?

የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች፣ ክልሎችም ለወረዳዎች ጥቅል በጀት ይሰጣሉ። ወረዳው ከሚደርሰው የትምህርት በጀት አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ይውላል። ለመማሪያ መሣሪያ፣ ለክፍል ጥገና፣ ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው ድጎማም የሚሰላው በተመዘገቡ ተማሪዎች ቁጥር ነበር።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ስምን ተከትሎ ይሄዳል። በቤት የተሸሸገ ሕፃን በመዝገብ ላይ ስለሌለ ማንም አያቅድለትም። ባለ ሥልጣኑ «በእኛ ወረዳ እንዲህ ያለ ሕፃን የለም» ይላል፤ ወላጁ ደግሞ «ለእንዲህ ያለ ልጅ ቦታ የለም» ይላል። አንዱ የሌላውን ዝምታ እንደ ማስረጃ እየቆጠረ ዓመታት ያልፋሉ።

4. ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሄድ ስታርት» የተባለ ለድሀ ቤተ ሰብ ሕፃናት የቆመ መርሐ ግብር ተጀመረ። ከወጪው በአብዛኛው እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን የፌዴራሉ መንግሥት ይሸፍናል፤ ቀሪውን አካባቢው በገንዘብ ወይም በዓይነት ያዋጣል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ ሕግ ከቦታዎቹ ቢያንስ 10 በመቶ የሚሆኑት አካል ጉዳት ላለባቸው ሕፃናት እንዲሰጡ ደነገገ። በዚህም ድጋፉና ግዴታው ታሰሩ፤ ገንዘቡን የሚቀበል ድርጅት ሕፃናቱን ፈልጎ የማግኘት ኃላፊነት አለበት። የዚያን አገር ሀብት ከእኛ ጋር ማወዳደር አይቻልም። ነገር ግን ድጎማ ሲሰጥ «ለእነማን ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ሀብት አያስፈልገውም።

5. ከእኛ የሚጠበቀው

አንዳንዶች «ለጤነኞቹ እንኳ ሳይበቃ» ይላሉ። ሆኖም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሁሉ ውድ አይደለም። ማየት ለሚያዳግተው ከፊት ወንበር፣ መራመድ ለሚያዳግተው ከመግቢያው አጠገብ ያለ ክፍል፣ የተስተካከለ መተላለፊያ፣ ታጋሽ መምህር ማግኘት ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ኀፍረትን እናስወግድ። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጌታችን ጥፋቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ እንዳላደረገ እናስታውስ። ቀጥሎም የጥምቀት መዝገባችንን እንክፈት። አራት ዓመት የሞላቸውን ሕፃናት ስም አውጥተን ወደ ትምህርት ከሚሄዱት ጋር እናነጻጽር። ያልተገኘውን ሕፃን የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር በቤቱ ይጎብኘው። ወላጆቹ ሲፈቅዱም በትምህርት ቤት እንዲመዘገብ ይርዳቸው። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውስጥ ያሉ ምእመናን ደግሞ የዓመቱ ዕቅድ ሲወጣ ለእነዚህ ሕፃናት ምን እንደተመደበ ይጠይቁ። በቤተ ክርስቲያን የሚተዳደሩ አጸደ ሕፃናትም በራቸው ለእነርሱ ክፍት መሆኑን አስቀድመው ይመርምሩ፤ ራሳችን ያልጀመርነውን ከመንግሥት ስንጠይቅ ቃላችን ክብደት አይኖረውምና።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በቁምስናችን ከቤት የማይወጡ ሕፃናት አሉን? ስማቸውን እናውቃለን?
ለ. በአቅራቢያችን ያለው የ«ኦ» ክፍል እነርሱን ለመቀበል ምን ይጎድለዋል? ከጎደለው ውስጥ ያለ ገንዘብ ሊሟላ የሚችለው የትኛው ነው?
ሐ. ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጥያቄ ብናቀርብ፣ ስንት ሕፃናትን ቆጥረን እንሄዳለን?