ያገለገለ ቶርኖ ልትገዛ ስትሄድ

ልጄ፣ የራስህን ቶርኖ ቤት ልትከፍት እንደቆረጥክ ሰማሁ። ያየኸው ማሽንም ያገለገለ ነው አሉኝ። ደስ ብሎኛል፤ ትንሽም ሰግቻለሁ። ዕድሜዬን በዚህ ሙያ ስለጨረስኩ የማውቀውን ልንገርህ። ቀብድ ሳትከፍል አንብበው።

1. ከዋጋው በፊት ሥራህን እወቅ። ወደ በርህ የሚመጣው ምንድን ነው? የባሌስትራ ፔርኖና ቡሽ ከሆነ መለስተኛ ቶርኖ ይበቃሃል። የወፍጮ ዘንግ ከሆነ ርዝመት ትፈልጋለህ። የጭነት መኪና ታምቡር ልላጭ ካልክ ደግሞ ከቸኩ ሥር ቤዱ የሚከፈት ማሽን ያስፈልግሃል፤ የትልልቆቹ መኪኖች ታምቡር ስፋቱ ከ400 ሚሊ ሜትር ያልፋልና። ሻጭ የሚነግርህ ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር ነው። ለምሳሌ የሶቪየቱ 1ኬ62 ከቤዱ በላይ 400 ሚሊ ሜትር ያዞራል፤ ከካሬጁ በላይ ግን 220 ብቻ ነው። ረጅም ዘንግ የሚያልፈው ደግሞ በካሬጁ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥር ጠይቅ፤ ሜትርም ይዘህ ሂድ።

2. ዓይንህን ቤዱ ላይ አሳርፍ። ከሁሉ በላይ እንድትይዝልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። ቶርኖ የራሱን ዕቃ የሚሠራ ማሽን ነው። የተበላ ቡሽ፣ የተሰበረ ፔርኖ፣ የላላ ዳዶ ቢኖረው እዚያው ላይ ወይም ጎረቤትህ ቶርኖ ላይ ትሠራዋለህ። ቤዱን ግን ቶርኖ አይሠራውም። እሱን ለማስተካከል ሙሉውን ርዝመት የሚሞርድ ትልቅ ማሽን ወይም ለሳምንታት በእጅ እየፋቀ የሚያስተካክል ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ከማሽኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ቤድ የሚበላው ከቸኩ አጠገብ ነው፤ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው እዚያ ነውና። የኋላው ጫፍ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ነው። ስለዚህ ካሬጁን ወደ ቸኩ አስጠጋው፤ ማጥበቂያውን ብሎን ትንሽ ያዝ እስኪያደርገው ድረስ አጥብቅ፤ ከዚያ ቀስ እያልክ ወደ ኋላ ንዳው። እየሄደ ሲጠብቅ፣ አልፎም ሲቆም ካየህ ፊተኛው ክፍል ተበልቷል ማለት ነው። በጥፍርህም ዳሰው፤ ካሬጁ በማይደርስበት ጠርዝ ላይ ደረጃ ከተሰማህ እሱ የብዙ ዓመት መበላት ምልክት ነው።

እኔ በወጣትነቴ የገዛሁት የመጀመሪያ ቶርኖ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ። ሻጩ ሲያበራው ድምፁ ልቤን ወሰደው፤ በማግሥቱ ገንዘቡን ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ የሠራኋቸው ፔርኖዎች በአንድ ጫፍ ልክ፣ በቸኩ በኩል ወፍራም ሆነው አስቸገሩኝ። አንድ ሾፌር አንዱን ፔርኖ መልሶ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ምንም ሳይናገር ወጣ። ዝምታው እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ስለዚህ አዲስ ቀለም ስታይ ጠጋ ብለህ ከሥሩ ያለውን ፈልግ፤ በተለይ የተሰነጠቀና በብየዳ የተጠገነ ብረት ካለ።

3. ብረት ሳይቆርጥ አትግዛ። «ትናንት ሲሠራ ነበር» ካለህ ዛሬም ይሥራ። መጀመሪያ ባዶውን በሁሉም ፍጥነት አስነሳው፤ ካምቢዮው ውስጥ ጥርሱ የተሰበረ ማርሽ ካለ በየዙሩ እየመታ ይነግርሃል። ለግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ከቸኩ ኋላ ያለውን ራስ በእጅህ ዳሰው፤ እጅ ማስቀመጥ የማይቻል ከሆነ ኩሽኔታው ችግር አለበት።

ከዚያ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ብረት ከቸኩ ውጪ 150 ሚሊ ሜትር አስወጥተህ እሰር። በሴንተር አትደግፈው። በስሱ ላጠውና ሁለቱን ጫፍ በማይክሮሜትር ለካ። ልዩነቱ ከ0.02 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ጥሩ ነው። ከበለጠም ወዲያው አትጥለው፤ ማሽኑ ወለሉ ላይ ተጠማዞ ተቀምጦ ከሆነም ይህንኑ ያሳያል። ከቁጥር 2 ሙከራ ጋር አስተያየው።

4. የማያስፈራ ነገር አያስፈራህ። እጀታውን ወዲያና ወዲህ ስታዞር ትንሽ ባዶ ዙር ቢኖረው አትደንግጥ፤ ያገለገለ ማሽን ሁሉ አለው። የተበላ የእጀታው ዘንግ ዳዶ በነሐስ ይለወጣል። የተበላ ቺንጋ ይገዛል። እነዚህን ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀምባቸው። ጥርስ ማውጫ ማርሾቹን ግን አንድ በአንድ ቁጠር። በኢንች የተሠራ ማሽን ከሆነ በሚሊ ሜትር ልክ ጥርስ ለማውጣት ባለ 127 ጥርስ ማርሽ ይፈልጋል፤ 1 ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነውና ያለ እሱ ልኩ አይመጣም።

5. መብራቱን አስብበት። ትልልቆቹ ባለ ሦስት ፌዝ፣ 380 ቮልት ናቸው፤ የ1ኬ62 ሞተር 10 ኪሎ ዋት ነው። የምትከራየው ቤት ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪ ከሆነ ማሽኑን ከመግዛትህ በፊት የቆጣሪውን ጉዳይ ጨርስ። ከ60 ኸርዝ አገር የመጣ ሞተርም በእኛ 50 ኸርዝ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ሊግልም ይችላል።

6. አብሮት የሚመጣውን በውል ላይ አስጽፍ፦ ባለ ሦስትና ባለ አራት ጥርስ ቸክ፣ የቸክ ቁልፍ፣ ሴንተር፣ ረጅም ዘንግ መደገፊያ። ለየብቻ ስትገዛቸው ያስለቅሱሃል።

7. ሲነሳ አንተ ራስህ ቁም። እንደ 1ኬ62 ያለው ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን ብረት ነው፤ ገመዱ በፊት ለፊቱ ረጅም ዘንግ ላይ እንዳያርፍ፤ እሱ ከጎበጠ ጥርስ ማውጣት ቀረ። ጭነቱ እንዲመጣጠን ካሬጁን ወደ ኋላ ገፍተህ እሰረው። ቦታው ሲደርስ ጥቃቅን ዝንባሌ በሚያሳይ ውሃ ልክ በርዝመትም በወርድም አስተካክለው። በወሩ ያንኑ 40 ሚሊ ሜትር ብረት አስረህ እንደገና ለካ፤ አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪት ይሰምጣል።