ጀሶና የእንቁጣጣሽ ካርድ

ጀሶ የሚለውን ቃል የማያውቅ በመካከላችን አይገኝም። ኮርኒስ የሚለሰንበት፣ የተሰበረ እጅ የሚታሰርበት፣ ይባስ ብሎም ስግብግቦች ከጤፍ ዱቄት ጋር እየቀላቀሉ ስሙን ያጠፉት ነጭ ዱቄት ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ መሆኑንና በዚያው ቋንቋ ሠዓልያን ቀለም ከመቀባታቸው በፊት ሰሌዳቸውን የሚለስኑበት ነጭ ልስንም በዚሁ ስም እንደሚጠራ እኛ ያወቅነው ዘግይተን ነው። ያውም ከከሰርን በኋላ! እናንተም እንዳትከስሩ በማሰብ የደረሰብንንና የተማርነውን በዚህ ጽሑፍ ልናካፍላችሁ ወደድን።

በእንቁጣጣሽ ዕለት ወንዶች ልጆች የሣሉትን መልአክ፣ አበባና ፀሐይ ይዘው በየቤቱ እንደሚዞሩ የታወቀ ነው። እኛም ባለፈው ዓመት ይህንኑ ልማድ በመከተል፣ በሕመምና በእርጅና ምክንያት ከቤት ለማይወጡ አባቶችና እናቶች አርባ ካርድ በእጃችን ለመሥራት ተነሣን። ከመካከላችን አንዷ እኅት በዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች በጀሶ ሻካራ መደብ እየሠሩ በላዩ ሲቀቡ አይታ ስለነበር፣ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር አንድ ኪሎ ጀሶ ገዝተን በውኃ በጥብጠን ካርዱን መለሰን ጀመርን። ሦስተኛውን ካርድ ሳንጨርስ ጀሶው ሳህኑ ውስጥ ደረቀ፤ ሳህኑም በእጃችን ላይ ሞቀ። እንደገና በጠበጥን፤ እንደገና ደረቀ። እንደ ምንም ብለን የለሰንናቸውም ካርዶች ሲታጠፉ እየተሰነጠቁ እንደ አሮጌ ግድግዳ ጭናችን ላይ ረገፉ። ከአርባው የተረፉት ስድስት ነበሩ። በዓሉ ሊገባ የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

ምክንያቱን ኋላ ላይ ጠይቀንና አንብበን ደረስንበት። የግንበኛ ጀሶ ማለት በተፈጥሮው ውኃ ያዘለ ድንጋይ ተፈጭቶና በእሳት ተቃጥሎ አብዛኛው ውኃው የወጣለት ዱቄት ነው። ውኃ ሲያገኝ ያጣውን መልሶ ይጠጣና በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል፤ የሚሞቀውም በዚሁ ጊዜ ነው። ለኮርኒስ የሚያስመርጠው ይህ ጠባዩ ለሠዓሊ ግን ጠላቱ ነው። ስለዚህም ቼኒኖ ቼኒኒ የተባለ ጣልያናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ በጻፈው የሥዕል ሙያ መጽሐፍ፣ ጀሶውን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ አንድ ወር ያህል በየቀኑ ማማሰልን ያስተምራል። እንዲህ የተደረገ ጀሶ የመጠንከር ኃይሉ ይሞትና ለስላሳ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ተለውሶ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በስሱ፣ ደጋግሞ ይቀባል። የሚያያይዘው እንግዲህ ጀሶው ራሱ ሳይሆን ሙጫው ነው ማለት ነው።

በአገራችንም ቢሆን በእንጨት ላይ የተሣሉት የጥንት ሥዕሎች በነጭ ልስን ላይ የተሠሩ ናቸው። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የነበረው ታላቁ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት ሥዕል በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል፤ እርሱም በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተሣለ ነው። በብራና መጻሕፍት ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች የተመለከተ ግን ቀለሙ እንዲህ ባለ ወፍራም ልስን ላይ ሳይሆን በቆዳው ላይ በቀጥታ ተቀብቶ ያገኘዋል። በእኛ አስተያየት ነገሩ ግልጽ ነው፤ እንጨት አይታጠፍም፣ ብራና ግን በየዕለቱ ይገለጣል። ካርድ ደግሞ ከእንጨቱ ይልቅ የብራናው ዘመድ ነው። ጥፋታችን በአንድ ቃል ሲነገር፣ ለማይታጠፍ ነገር የሚሆነውን ልስን ለሚታጠፍ ወረቀት ማድረጋችን ነበር።

ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን አክሪሊክ በሚባል፣ ሲደርቅም በሚለጠጥ ማያያዣ የሚሠራ የሠዓሊ ጀሶ አለ። ይኸውም የጠመኔ ዱቄትና ነጭ ቀለም የተቀላቀለበት ነው፤ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ስለሚታጠፍ በስሱ ከተቀባ በቀላሉ አይሰነጠቅም። በጣሳ ታሽጎ ይሸጣልና አቅሙ ያለው ገዝቶ ቢጠቀምበት ድካም ይቀንሳል። ዋጋው ግን የተማሪን ኪስ የሚያስደነግጥ ስለሆነ እኛ የሚከተለውን ምትክ ሠርተናል።

አናጢዎች ከሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ አንድ ማንኪያ፣ በውኃ ከሚበጠብጥ ነጭ የግድግዳ ቀለም አንድ ማንኪያ፣ ተወቅጦ በቀጭን ጨርቅ ከተነፋ ጠመኔ ሁለት ማንኪያ መቀላቀል ነው። ጠመኔ ከጀሶ የተሠራ እንኳ ቢሆን ቀድሞ ውኃውን የጠጣ ነውና እንደ ግንበኛው ጀሶ ሳህን ውስጥ አይደርቅም። ውኃ ጠብ እያደረጉ እንደ ወፍራም እርጎ እስኪሆን ማሸት ያስፈልጋል። ሲነፋ አቧራው ወደ ሳንባ እንዳይገባ አፍና አፍንጫን በነጠላ መሸፈን አይረሳ።

ካርዱ ወፈር ያለ ይሁን። አስቀድሞ የሚታጠፍበትን መስመር በማስመሪያና በቀለሟ ባለቀ እስክርቢቶ ጫን አድርጎ ማስመር፣ ከመስመሩም በአንድ ጣት ያህል ርቆ መለሰን ይገባል። ማጠፊያውን ልስን ከነካው ያው የአምናው ታሪክ ይደገማል። በመጀመሪያ በብሩሽ ስስ አድርጎ ቀብቶ ማድረቅ፤ ሁለተኛውን ወፈር አድርጎ ቀብቶ ሳይደርቅ መልክ መስጠት ነው። ሚዶ ቢጎተትበት እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ያወጣል። የዳንቴል ቁራጭ ተጭኖ ሲነሣ ጥልፉ ይቀራል። የተጨማደደ ላስቲክ ቢጫንበት የዓለት ገጽ ይመስላል። ከሁሉ ያማረልን ግን የሰፌድ ጠርዝ ነው፤ የስፌቱ ድርድር አንድ ሳይቀር ይታተማል። (ሰፌዱን ወዲያው ማጠብ ያስፈልጋል፤ ባለቤቲቱን ማስፈቀድም እንዲሁ። ይህን የምንጽፈው በምክንያት ነው።) ሲደርቅ የቀጠነ የውኃ ቀለም ቀብቶ በጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት ቀለሙ በጎድጓዳው ይቀርና ከፍ ያለው ነጭ ሆኖ ይወጣል። አደይ አበባውን ከዚያ በኋላ መሣል ይቻላል።

ከእኛ አንዳንዶች ካርዱን ከዳር እስከ ዳር በሚዶ ሞልተውት አበባው የት እንዳለ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ መደቡ በአንድ ጥግ ወይም በመሐል ብቻ ቢሆን እንመርጣለን። ጽሑፉም በውስጠኛው ልስን ባልነካው ገጽ ይሁን፤ ሻካራው የእስክርቢቶ ጫፍ ያበላሻል።

ነሐሴ ዝናብ ነውና ወፍራሙ ልስን ለመድረቅ አንድ ሌሊት፣ አንዳንዴም ሁለት ይፈጃል። ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ፊት ለፊት መደራረብ አይገባም፤ ይጣበቃሉ። ወረቀቱ ከተጣመመ ጀርባውን በእርጥብ ስፖንጅ ስስ አድርጎ አርሶ፣ በንጹሕ ወረቀት መሐል አድርጎ፣ በከባድ መጻሕፍት ሥር ማሳደር ያቃናዋል። ብሩሽንም ወዲያው ማጠብ ነው። ከደረቀ በኋላ ውኃ አያስለቅቀውም።

ከስድስቱ የተረፉ ካርዶች አንዱ የደረሳቸው ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዓመት የሆናቸው እማሆይ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ለእርሳቸው ካርድ መስጠት ይገባል ወይስ አይገባም ብለን በመንገድ ላይ ተከራክረን ነበር። ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ከጥጉ ጀምረው እስከ ጥጉ ሄዱ፤ ተመልሰውም ዳሰሱት።

«ይኼ ስፌት ነው፣ ልጆቼ?» አሉ።

«የሰፌድ ጠርዝ ነው እማሆይ፤ በጀሶ አትመነው ነው» አልናቸው።

«የኮርኒሱ ጀሶ?» ብለው ሳቁና «እኔም ድሮ ስሰፋ እንዲህ ነበር የማጠባብቀው» አሉ። እስክንወጣ ድረስ ካርዱን ከእጃቸው አላስቀመጡትም።

ዘንድሮ አርባውንም በአዲሱ አሠራር ለመሥራት ስለታሰበ ሥራው ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ይካሄዳል። በትምህርት ቤት የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጠመኔ ስብርባሪ አትጣሉብን። አሮጌ ሚዶና የዳንቴል ቁራጭም እንቀበላለን። ለእማሆይ የሚሆነውን ካርድ የምትሠራው እኅት ተመርጣለች፤ ሰፌዱም ተፈቅዷል።