ሲሞቅ የሚጠፋ ብልጭታ፦ የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ብልሽት አመረማመር

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም ከሚያገለግሉት አሮጌ ተሽከርካሪዎች መካከል በዲስትሪቢዩተር የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ያላቸው የቶዮታ ኮሮላ መኪናዎች ይገኙበታል። ባለንብረቶቻቸው ወደ ጋራዥ ይዘውት የሚመጡት አንድ የታወቀ አቤቱታ አለ። መኪናው ጠዋት ያለ ችግር ይነሳል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳ በኋላ በድንገት ይጠፋል፤ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። ጋራዥ ሲደርስ ስለሚሠራ ምርመራው በግምት ይተካል። መጀመሪያ የቤንዚን ፓምፑ፣ ቀጥሎ ቦቢናው፣ በመጨረሻም ኢግናይተሩ ይቀየራል። በዕለት ገቢው ለሚተዳደር ሹፌር እያንዳንዱ ግምት የዕቃ ዋጋና የሥራ ቀን ያስከፍላል።

ሥርዓቱ ከፑንቲና የሚለየው የቦቢናውን ጅረት የሚያቋርጠው አካል ትራንዚስተር በመሆኑ ነው። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚዞረው ባለ ጥርስ ብረት በፒክአፕ ጥቅሉ አጠገብ ሲያልፍ አነስተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ኢግናይተሩ ይህን ምልክት ተቀብሎ የቦቢናውን የመጀመሪያ ጥቅል ጅረት ይቆርጣል፤ መግነጢሳዊ መስኩ ሲፈርስም በሁለተኛው ጥቅል በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይነሳል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ድርጊት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደጋገማል።

ሙቀት ብልሽቱን የሚገልጠው በሁለት መንገድ ነው። የፒክአፕ ጥቅሉ እጅግ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ስለሆነ የተሰነጠቀ ቦታ ካለው ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይነካካል። ኢግናይተሩም ሙቀቱን ወደ ተቀመጠበት ብረት ማስተላለፍ ካልቻለ ሥራውን ያቋርጣል። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ የቤንዚን እጥረት ይመስላሉ።

ስለዚህ ወሳኙ ምርመራ ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት፣ ሳይቀዘቅዝ የሚደረገው ነው። ከካንዴላ ሽቦ ጋር ከሞተሩ ብረት በሚገባ የተያያዘ የብልጭታ መፈተሻ ገጥሞ ሞተሪኖውን ማዞር ይገባል። ሽቦውን በአየር ላይ አንጠልጥሎ መሞከር ግን የተለመደ ቢሆንም የሚመከር አይደለም፤ መውጫ ያጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ኢግናይተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ጠንካራ ብልጭታ ከታየ ጥርጣሬው ወደ ቤንዚኑ ይዞራል። ብልጭታ ከሌለ በቦቢናው ፖዘቲቭ ጫፍ የባትሪ ቮልቴጅ መድረሱ ይረጋገጣል፤ ከዚያም የመፈተሻ አምፖል በኔጌቲቭ ጫፉና በሞተሩ ብረት መካከል ይገናኛል። ሞተሪኖው ሲዞር አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ ኢግናይተሩና ፒክአፑ እየሠሩ ነው፤ ጉድለቱ በቦቢናው ሁለተኛ ጥቅል፣ በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ወይም በሮተሩ ይፈለጋል። ካልበለጨ ከሁለቱ አንዱ ነው።

ፒክአፑ በቴስተር ይለካል፤ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስሕተትም እዚህ ላይ ነው። ለበርካታ የዘመኑ ቶዮታዎች የተሰጠው ልክ ከ140 እስከ 180 ኦም ሲሆን የሚያገለግለው ለቀዝቃዛ ጥቅል ነው። የመዳብ ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በ0.4 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር በ20 ዲግሪ 160 ኦም የነበረ ጤናማ ጥቅል በ90 ዲግሪ ወደ 204 ኦም ይደርሳል። ይህን ከመመሪያው ጋር ብቻ ያስተያየ መካኒክ ደኅናውን ዕቃ ይጥላል። የሚፈለገው ምልክት መጠነኛ ጭማሪ ሳይሆን ድንገተኛ ዝላይ ወይም ፍጹም መቋረጥ ነው። መኪናው ጋራዥ ውስጥ አልጠፋ ካለ ፒክአፑን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁና ሽቦዎቹን በቀስታ እያነቃነቁ መለካት ብልሽቱን ሊያወጣው ይችላል።

ኢግናይተሩ በቀላል የኦም ልኬት አይፈረድበትም። ኃይል፣ ምልክትና የኔጌቲቭ መስመር መድረሳቸው ተረጋግጦ ሳይሠራ ሲቀር ብቻ ጥፋተኛ ይሆናል። በተለይ የኔጌቲቩ መስመር ችላ ይባላል፤ በኢግናይተሩ አካልና በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ መካከል፣ ጅረት እያለፈ፣ ከ0.2 ቮልት በላይ ከተለካ መጽዳት ያለበት የዛገው መጋጠሚያ ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ደኅና ኢግናይተር እንደተጣለ የጋራዦች ቁርጥራጭ ክምር ቢመረመር ሳያስገርም አይቀርም።

የአገራችን መልክዓ ምድር የሚጨምረው አንድ ነገር አለ። ብልጭታው የካንዴላውን ክፍተት ለመሻገር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ከአየሩ ጥግግት ጋር ይጨምራል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊቱ ወደ 76 ኪሎፓስካል ሲሆን፣ ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ገደማ በሆነው በአዋሽ አካባቢ 90 ይጠጋል። የቆላው ሙቀት ጥግግቱን ጥቂት ቢቀንሰውም ልዩነቱ አይጠፋም። በመሆኑም በከተማ ውስጥ ያለ ችግር የሚሠራ የደከመ ቦቢና ወይም ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ፣ ጭነት ይዞ ከአዋሽ የሚመለሰውን መኪና ነዳጅ በሙሉ ሲረገጥ ሊያንተፋትፈው ይችላል። ይህ ማንተፋተፍ ከላይ ከተገለጸው ድንገተኛ መጥፋት የተለየ ነው፤ ሞተሩ እየተነጫነጨም ቢሆን ይሄዳል፣ ነዳጁ ሲለቀቅም ይስተካከላል። ሁለቱን መለየት የሚጀምረው ቴስተር ከመያዝ በፊት ሹፌሩን መኪናው የት፣ በምን ዓይነት መንገድና ከስንት ደቂቃ ጉዞ በኋላ እንዳስቸገረው በመጠየቅ ነው።