የቅንጦት ዕቃ በእውነቱ ዋጋውን ያወጣልን?

ሰው ለመኖር እህል፣ ልብስና መጠለያ ያስፈልገዋል። እነዚህ ሲሟሉለት ልቡ ወደ ሌላ ያዘነብላል፤ ሽቶ፣ የወርቅ ሐብል፣ የታወቀ ፋብሪካ ሰዓት፣ ስሙ ከሩቅ የሚነበብ ጫማ ያምረዋል። በኤኮኖሚ ትምህርት የመጀመሪያዎቹ «የግድ አስፈላጊ»፣ የኋለኞቹ «የቅንጦት» ዕቃዎች ይባላሉ። የሰው ገቢ እያደገ ሲሄድ ከገቢው ለእህል የሚያውለው ድርሻ እያነሰ፣ ለቅንጦት የሚያውለው ድርሻ ግን እየበዛ ይሄዳል።

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብኩት ጥያቄ የሚከተለው ነው። አንድ የቅንጦት ዕቃ ያንኑ አገልግሎት ከሚሰጥ ተራ ዕቃ ዐሥር እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሲሸጥ፣ ገዥው ለከፈለው ገንዘብ ልክ የሆነ ነገር ያገኛልን? ይህ ለኛ ለተማሪዎች ትርፍ ወሬ አይደለም። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምንፈጽም ሁሉ ስለ ምረቃ ልብስ፣ ስለ ጫማና ስለ ስልክ ዘወትር እንነጋገራለን። ምርጫው የኛ ሲሆን ክፍያው ግን የወላጆቻችን ነው። በሌላ ሰው ገንዘብ የሚመርጥ ሰው ደግሞ ከማንም ይልቅ ሒሳቡን ማወቅ ይገባዋል እላለሁ።

ሀ) ዋጋ ከምን ከምን ይሠራል?

የአንድ ዕቃ ዋጋ በአራት ክፍል ተለይቶ ሊታይ ይችላል። አንደኛው ጥሬ ዕቃው ነው። ሁለተኛው ዕቃውን የሠራው ሰው ድካምና ዕውቀት ነው። ሦስተኛው ብርቅነቱ ነው። አራተኛው ስሙ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለማንም ግልጽ ስለ ሆኑ በሌሎቹ ሁለት ላይ ጥቂት ልቆይ።

ስለ ብርቅነት አዳም ስሚዝ የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ አስገራሚ ነገር አመልክቷል። ውኃ ያለ እርሱ መኖር የማይቻል ሆኖ ሳለ ዋጋው ኢምንት ነው፤ አልማዝ ግን ጥቅሙ ጥቂት ሆኖ ሳለ ዋጋው እጅግ የከበረ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የተነሡ የኤኮኖሚ ሊቃውንት የነገሩን ምክንያት አስረዱ። ዋጋን የሚወስነው የዕቃው ጠቅላላ ጥቅም ሳይሆን፣ በእጃችን ባለው ላይ የሚጨመረው የመጨረሻው ክፍል የሚሰጠው ጥቅም ነው። ወንዝ ዳር ለተቀመጠ ሰው አንድ ጣሳ ውኃ ምንም አይደለም፤ በበረሃ መንገድ ውኃ ያለቀበት ሰው ግን ለዚያው ጣሳ የጣቱን ቀለበት አውልቆ ይሰጣል።

ብርቅነት ብቻውን ዋጋን እንዴት እንደሚያንረው አሉሚኒየም ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በዋሽንግተን ከተማ የጆርጅ ዋሽንግተን መታሰቢያ ሐውልት ሲፈጸም በጫፉ ላይ የተቀመጠው ከአሉሚኒየም የተሠራ ነበር፤ በዚያ ዘመን አሉሚኒየም ከከበሩት ማዕድናት ጋር ይቈጠር ነበርና። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው፣ በኤሌክትሪክ ኃይል አሉሚኒየምን በብዛት ማውጣት የሚቻልበትን ዘዴ አገኙ። ዋጋውም ወደቀ። እነሆ ዛሬ በአሉሚኒየም ድስት ሽሮ እንሠራበታለን። ማዕድኑ ያው ነው፤ የተለወጠው ብርቅነቱ ብቻ ነው።

ስለ ስም ደግሞ ቶርስታይን ቬብለን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1899 ባወጣው መጽሐፍ፣ ሰዎች ብዙ ዕቃ የሚገዙት ሊገለገሉበት ብቻ ሳይሆን ሀብታቸውን ለሌሎች ሊያሳዩበት ጭምር መሆኑን አስረድቷል። እንዲህ ላለው ገዥ የዋጋው መወደድ ጕዳት ሳይሆን ራሱ ጥቅም ይሆንለታል። ዕቃው ቢረክስና ሁሉም ቢይዘው ኖሮ አይፈልገውም ነበር።

ለ) ስሙን ሸፍኖ መመዘን

እነዚህን አራት ክፍሎች እንዴት እንለያያቸዋለን? እንደ እኔ አስተያየት ቀላሉ መንገድ የዕቃውን ስምና ዋጋ ሸፍኖ ዕቃውን ብቻ መመዘን ነው። ስሙ ተሸፍኖ ልዩነቱ ከታወቀ የከፈልነው ለዕቃው ነው፤ ስሙ ሲሸፈን ልዩነቱ አብሮ ከጠፋ የከፈልነው ለስሙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ የሚገኙ ተመራማሪዎች ይህንኑ በወይን ጠጅ ፈተኑት። ለ20 ሰዎች አንድን ወይን ጠጅ አንድ ጊዜ «ዋጋው 5 ዶላር ነው»፣ ሌላ ጊዜ «ዋጋው 45 ዶላር ነው» እያሉ አቀመሷቸው። ቀማሾቹ ወይኑ ያው ራሱ መሆኑን አላወቁም፤ ውድ ነው የተባለውንም ይበልጥ ወደዱት። በአንጎላቸው ውስጥ የደስታ ስሜት የሚታይበት ክፍልም በመሣሪያ ሲታይ ይበልጥ ሠርቶ ተገኘ። ዋጋው ሳይነገራቸው ሲቀምሱ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ከዚህ የምንማረው ውድ ዕቃ የገዛ ሰው «ደስ ብሎኛል» ሲል አለመዋሸቱን ነው። ደስታው እውነት ነው፤ ደስታውን ያመጣው ግን ወይኑ ሳይሆን ዋጋው ነው።

ይሁን እንጂ ፍርዱ ሁልጊዜ በውድ ዕቃ ላይ ብቻ አይወድቅም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከጌሻ አካባቢ የተገኘው የቡና ዘር በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአገራችን ተወስዶ፣ በ1953 ኮስታ ሪካ፣ ቀጥሎም ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ በተደረገው የቡና ውድድር ቀማሾቹ የማን እርሻ ቡና እንደ ሆነ ሳይነገራቸው ቀምሰው ይህንኑ ቡና አንደኛ አደረጉት። ከዚያም በጨረታ አንዱ ፓውንድ፣ ማለት ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚያንሰው፣ 21 ዶላር ተሸጠ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲደረግ፣ ያሸነፈው የሲዳማ ቡና በፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ አወጣ። በዚህ ጊዜ ስሙ ተሸፍኖ ሳለ ዕቃው ራሱ ተናገረ። ምላስ አስቀድሞ ፈረደ፤ ዋጋ በኋላ ተከተለ። በወይን ጠጁ ግን ዋጋ አስቀድሞ ምላስን መራው። ልዩነቱ ይህ ነው።

ሐ) የሰዓት ምሳሌ

አሁን ደግሞ አገልግሎቱ በቍጥር ሊለካ ወደሚችል ዕቃ እንለፍ። የሰዓት ዋና ሥራ ጊዜን በትክክል መናገር ነው። በስዊስ አገር የሰዓቶችን ትክክለኛነት የሚመረምረው ድርጅት ለአንድ የተመሰከረለት ባለ ጥርስ ሰዓት የሚፈቅደው ስሕተት በአማካይ በቀን ከ4 ሰከንድ መዘግየት እስከ 6 ሰከንድ መቅደም ነው። በቀን 6 ሰከንድ የሚቀድም ሰዓት በወር 180 ሰከንድ፣ ማለት 3 ደቂቃ ይሳሳታል። በባትሪ የሚሠራ ተራ የኳርትዝ ሰዓት ግን በውስጡ ያለው ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ስለሚርገበገብ፣ በወር የሚሳሳተው 15 ሰከንድ ያህል ነው። እንግዲህ ለትክክለኛነት ብቻ ብለን ከሆነ የሚበልጠው ርካሹ ሰዓት ነው።

«ታዲያ ባለ ጥርሱን ሰዓት በብዙ ሺህ ዶላር የሚገዛው ሰው ሞኝ ነውን?» የሚል ቢኖር፣ አይደለም ብዬ እመልሳለሁ። ከመቶ የሚበልጡ ደቃቅ ክፍሎችን አጥርቶና አገጣጥሞ፣ ያለ ባትሪ በጥቅል ብረት ኃይል ብቻ እንዲሄድ ማድረግ ትልቅ ጥበብ ነው። ያንን ጥበብ የሚያውቅና የሚያደንቅ ሰው የገዛው የእጅ ሥራን ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ቢያይ የማይገባውና የፋብሪካውን ስም ብቻ የሚያሳይ ግን ለሰዓት ሰሪው ጥበብ ከፍሎ ጥበቡን ሳያገኝ ቀረ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይሏል። የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 25 ቀን 1969 በቶኪዮ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ ይህም በዚያን ጊዜ አንድ ትንሽ አውቶሞቢል ይገዛ ነበር። የዛሬው የድሀ ሰዓት ትናንት የባለጸጋ ቅንጦት ነበረ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ገዥዎች ባይኖሩ ኖሮ ዘዴው እስኪረክስ ድረስ ላይቈይ ይችል ነበር። ስለዚህ ቅንጦትን ሁሉ በጅምላ የሚኰንን ሰው ይሳሳታል።

መ) በቤታችን ያለው ትምህርት

ስምን ሸፍኖ መመዘን ከውጭ አገር ሊቃውንት ብቻ የምንማረው ነገር አይደለም። እናቶቻችን ሽሮ ሜዳ ወርደው ነጠላ ወይም ቀሚስ ሲገዙ ዘወትር የሚያደርጉት ነው። በጨርቁ ላይ የሸማኔው ስም የትም አልተጻፈም። እናቴ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥታ ድሩና ማጉ መግጠሙን ታያለች፤ በጣቶቿ አሸት አድርጋ የፈትሉን ቅጥነት ትመረምራለች፤ ጥለቱን ገልብጣ ጀርባውን ታያለች። ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የምትጠይቀው። በእንዝርት ተፈትሎ የተሠራው ከፋብሪካ ክር ከተሠራው ቢወደድባት አትደነቅም፤ ልዩነቱ በእጇ አለና። በድሮ ጊዜ ባለሙያ ሴት «ቀጭን ፈታይ» ተብላ የተመሰገነችው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ወርቅም እንዲሁ ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ይባላል፤ 18 ካራት ቢሆን ከመቶው 75 እጁ፣ 21 ካራት ቢሆን ከመቶው 87 ተኩል እጁ ወርቅ ነው። ወርቅ ሠሪው በግራም መዝኖ የወርቁን ዋጋ ያሰላል፤ በዚያ ላይ የእጁን ይጨምራል። ሐብሉን መልሰን ለመሸጥ ብንሄድ የወርቁ ዋጋ ይመለስልናል፤ የእጅ ዋጋው ግን አይመለስም። ስለዚህ ወርቅ የገዛ ሰው የትኛው ገንዘቡ እንደ ተቀመጠና የትኛው ለውበት እንደ ጠፋ ለይቶ ያውቃል። የሌላው ቅንጦት ሒሳብም እንደዚህ ግልጽ ቢሆን ምንኛ መልካም ነበር!

ሠ) ስለ እኛ ስለ ተማሪዎች

አሁን ወደ ጫማችን እንመለስ። ለምሳሌ ያህል፣ ሦስት ጫማዎች አሉ እንበል። አንደኛው 1,000 ብር ተገዝቶ 4 ወር፣ ሁለተኛው 2,400 ብር ተገዝቶ 12 ወር፣ ባለ ስሙ ሦስተኛው 12,000 ብር ተገዝቶ 24 ወር ያገለግላል ብንል፣ የአንድ ወር ዋጋቸው 250፣ 200 እና 500 ብር ይሆናል። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ እጅግ ርካሹ ዕቃ ርካሽ አይደለም፤ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደሚባለው፣ ሥራው ያልጠነከረ ጫማ ክረምቱ ሳያልፍ ሌላ ያስገዛል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛውን የሚያደርገው ተማሪ ከሁለተኛው ይልቅ በየወሩ 300 ብር የሚከፍለው ለእግሩ ሳይሆን ለስም ኪራይ ነው።

በገበያችን የታወቀ ስም የተለጠፈባቸው፣ ግን አስመስለው የተሠሩ ጫማዎችም ሞልተዋል። ይህን አውቆ የሚገዛ ሰው ከቆዳውም ከሥራውም ከብርቅነቱም አንዱን አላገኘም። አራተኛውን ክፍል፣ ስምን ብቻ፣ ያውም የውሸቱን ገዛ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ምሳሌ በተውሶ ወርቅ ላይ ብቻ ሳይሆን በተውሶ ስምም ላይ ይሠራል።

ነገሩ ከቤተሰብ አልፎ አገርንም ይነካል። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. መንግሥታችን ሽቶና ውስኪ የሚገኙባቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች ከውጭ እንዳይገቡ አግዶ ነበር፤ እገዳው የተነሣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ነው። ምክንያቱ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነበር። ከውጭ ለሚመጣ ስም የምንከፍለው ዶላር ገበሬው ከሸጠው ቡና የተገኘ መሆኑን ማሰብ ይገባናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ እንዲህ ነው። የቅንጦት ዕቃ ዋጋውን የሚያወጣው ስሙ ተሸፍኖ ልዩነቱን በዓይን፣ በእጅ ወይም በምላስ ልናውቀው ስንችል ነው፤ ልዩነቱ በሌሎች ሰዎች ዓይን ብቻ ሲሆን ግን አያወጣም። ለስም መክፈል ወንጀል አይደለም፤ በራሱ ላብ ያገኘ ሰው ለደስታው ቢከፍል ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ስንገዛ ለየትኛው ክፍል እንደምንከፍልና ከማን ኪስ እንደምንከፍል እንወቅ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ለምረቃችን ቀን ልብስና ጫማ ስንመርጥ በመጀመሪያ የተጻፈበትን ስም በመዳፋችን እንሸፍነው። ከመዳፋችን ውጭ የቀረው ዕቃ አሁንም ደስ ካሰኘንና የወላጆቻችንን አቅም ካልጐዳ እንግዛው። ደስ የሚያሰኘን ከመዳፋችን ሥር ያለው ብቻ ከሆነ ግን ገንዘቡ በእናትና በአባታችን እጅ ቢቀር ይሻላል።